ለትምህርት የሰጠኋት ልጅ

የሄድኩ ዕለት ማታ እናቴ ያለቀሰችው በመሄዴ ሳይሆን በጓዜ ማነስ ነው። አንዲት የትከሻ ቦርሳ ብቻ ነበረችኝ። «ዐረብ አገር የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው ወይ? ገበያ ደርሳ የምትመለስ ነው የምትመስዪው» እያለች ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ከሐይቅ ወዲያ ባለችው መንደራችን የሐምሌ ጭጋግ ቤት ድረስ ገብቶ የፋኖሱን ብርሃን አደብዝዞት ነበር። እኔ ጥግ ይዤ የዲግሪ ወረቀቴን ከፍራሽ ሥር እደብቃለሁ። የምደብቀው ከሌባ አይደለም፣ ከማዳም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለው ኤጀንሲ ውስጥ አንድ ሰውዬ ተቀብሎኝ ነበር።

«እስከ ስንት ተማርሽ?»

«ዲግሪ አለኝ። ሶሲዮሎጂ።»

«እሱን እርሺው። ስምንተኛ ክፍል ብለሽ ትሞያለሽ።»

«ለምን?»

«ማዳም ከሷ ጋር እኩል የተማረች ሠራተኛ ቤቷ አታስገባም። ስምንተኛ ማለት የዱቄት ሳሙናው ላይ ያለውን ታነባለች፣ መከራከር ግን አታውቅም ማለት ነው።»

እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው ፈተና ላይ «ትምህርት የድኻውንና የባለጸጋውን ልጅ እኩል ያደርጋል ወይስ ልዩነታቸውን ያጸናል?» የሚል ጥያቄ መጥቶ ነበር። ያጸናል የሚሉትን ሊቃውንት ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ግን እኩል ያደርጋል ብዬ ወረቀቱን ግራና ቀኝ ሞላሁት። ለምን ብትሉኝ፣ ማስረጃው እኔው ራሴ ነበርኩ።

እኔ ለትምህርት የተሰጠሁ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ገጠር ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ከተማ አክስት አለች፣ ልጅ ይሰጣል። አባቴ ገና ጥርሴ ሳይወልቅ ከአንድ ጆንያ ማሽላ ጋር ደሴ አክስቴ ቤት አወረደኝ። ጠዋት ውሃ ቀድቼ፣ ቤት ጠርጌ፣ ዕቃ አጥቤ ትምህርት ቤት ስደርስ የአክስቴ ልጆች ቀድመውኝ ተሰልፈዋል። ቢሆንም አንድ ነገር ማንም አልነካብኝም። ገበያ ስላክ ሴቶቹ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል። የአባቴን ስም እነግራቸዋለሁ። «እሰይ፣ የሱ ናት ለካ» ብለው አንድ ብርቱካን ይጨምሩልኛል። ዒድ ሲመጣ እቤቴ እሄዳለሁ፣ እናቴ ፀጉሬን ፈትታ ትሠራኛለች፣ ተመልሼ እመጣለሁ። ልጅ ተሰጠ ማለት እንደዚህ ነበር የሚገባኝ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጂዳ አውሮፕላኑ በሩን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ተደፋ፣ የድስት ክዳን ያነሣሁ ነው የመሰለኝ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሙቀት ነው» አልኩ አጠገቤ ላለችው። ለካስ ያ ቀዝቃዛው ሌሊት ነበር። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ክፉ ሰው አልነበረችም። የሷን ቤት ስጨርስ የእናቷን፣ የእናቷን ስጨርስ የእህቷን ቤት ታስጸዳኝ ነበር እንጂ። የምተኛው ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው። አንድ ቀን የልጇን የንባብ መጽሐፍ ገልጬ ሳነብ ደረሰችብኝ።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ስምንተኛ ክፍል ነኝ ማዳም።»

ዐይኗን አጥብባ አየችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ ክፍል ስገባ በሩ ክፍት እንዲሆን ታዘዝኩ። ምን እንደፈራች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ኮንትራቴ ሳያልቅ ወጣሁ። እዚህ እንዲህ ያለችውን «ጠፋች» ይሏታል። እኛም ራሳችን «ከጠፋሁ እኮ ቆየሁ» እንባባላለን። ከከፊል፣ ማለት ወረቀትሽን ከያዘው አሠሪ፣ ጋር መጣላት ማለት ከወረቀት መጥፋት ማለት ነው። ኑዝላ፣ ከደቡብ ጂዳ ጠባብ መንገዶች በአንዱ፣ ከእታገኝ ጋር ክፍል ተጋራሁ። እታገኝ የጎጃም ሴት ናት፤ ማተቧን ከልብሷ ሥር ሸሽጋ፣ ጾሟን በሆዷ ይዛ ሰው ቤት የምትሠራ። ቤቱን የሚያከራየን የመናዊ ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን እንዲህ አለን።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

«ሐበሻ ሁለት ካለ አራት ነው። ለአራት አከራያለሁ።»

«ወላሂ ሁለት ነን።»

«እንግዲያ ሁለት ሰው ጨምሩ። ለሁለት ሰው ውሃ አይመጣም፣ ለአራት ግን ይመጣል።»

ውሃው ለአራትም አልመጣም። ግን እታገኝና እኔ በዚህ ንግግር ስንት ጊዜ እንደሳቅን። የምንበላው ተሚዝ የሚባለውን ዳቦ ነው፤ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ለሁለት የምንለብሰው የሚመስል። በሽሮ እየጠቀስን ስንበላ እሷ የእናቷን ስልጆ ታነሣለች፣ እኔ የሐይቅን ዓሣ አነሣለሁ።

ሁሴንን ያገባሁት እዚያው ነው። የወሎ ልጅ፣ ቀለም ቀቢ፣ ሳቂታ። ኢክራም የተወለደችው በዚያችው ክፍል ነው፤ ሐኪም ቤት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይጠይቃላ። ያዋለደችኝ አንዲት የከሚሴ አሮጊት ናት፤ እጄን ይዛ ያደረችው እታገኝ። ልጄ ስትወለድ የዓለም ምስክሮቿ እነዚህ ነበሩ። አሮጊቷ ብዙም ሳትቆይ ተይዛ አገሯ ገባች። ሁሴንም ኢክራም መሄድ ስትጀምር ከሥራ ቦታ ተርሂል ሆነ፤ አንሥተው አገሩ መለሱት። ዳግም በየመን በኩል ልመጣ ነው ብሎ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚለኝም፣ አለ የሚለኝም ሰው የለም፤ እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ ሮጬ ነው የማነሣው።

ኢክራም ለትምህርት ስትደርስ እጇን ይዤ ሰፈሩ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጥቁር መነጽር ያደረገች ሙዲራ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች።

«ኢቃማ?»

«የላትም።»

«የአባቷስ?»

«ተርሂል ሆኗል።»

«እንግዲያ ልጅቷ እዚህ አገር የለችም።»

«ይቺውና ቆማለች።»

«እኔማ አያታለሁ» አለች ሙዲራዋ በትሕትና። «ኮምፒውተሩ ነው የማያያት።»

ኢክራም ይህን ሰምታ ለኮምፒውተሩ እጇን አውለበለበችለት። ሙዲራዋ ሳቅ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ። ወጥተን መንገዱ ላይ ስንደርስ ግን የአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቤት ውስጥ አስተምሪያት ትሉኝ ይሆናል። አስተምሬያታለሁ። የካርቶን ጀርባ ላይ ሀሁንም አሊፍንም ጽፌ፣ በጠርሙስ ክዳን ሒሳብ አስቆጥሬ። ልጅቱ እንደ እሳት ናት። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማወቅሽን ሰው አውቆልሽ በሩን ሲከፍትልሽ ሌላ። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ዲግሪዬ ፍራሽ ሥር ነው፣ እኔ የሰው ሽንት ቤት ነው የማጥበው። ልጄ ስታድግ ከፍራሽ ሥር የምታወጣው ነገር እንኳ ሊኖራት አይደለም። ይህን እያሰብኩ የማድርባቸው ቀናት በዙ።

ሐጃ ሙሚናን ያገኘሁት በዚህ መሀል ነው። የአያቴ ወንድም ድሮ ለሐጅ ሄዶ መካ ቀርቷል፤ ሐጃ የሱ ልጅ ናቸው፣ ለአባቴ የአጎት ልጅ። መካ ተወልደው መካ ያረጁ፣ ባላቸው ሐጂ ሰኢድ እዚያው መካ ሩሰይፋ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ኢቃማቸው ከአባት የተያያዘ። ጂዳ ሂንዳዊያ ሰፈር አንድ የወሎ ሰርግ ላይ ኢክራምን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አልለቅ አሉ።

«ስጪኝና ላስተምራት» አሉኝ። «ልጅ ለትምህርት ዘመድ ቤት ይሰጥ የለ አገራችሁ?»

«ኢቃማ የላትም ሐጃ።»

ሐጃ ጉንጯን ዳበሱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የሱመያ ስም አለ» አሉ።

ሱመያ በሕፃንነቷ የሞተችባቸው ልጃቸው ናት። ብትኖር ከኢክራም በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ስሟ ከሐጂ ኢቃማ ላይ አልተነሣም። ለምን እንዳልተነሣ አልጠየቅኩም፤ የሚሰጥሽን እጅ አገላብጠሽ አታዪም ብዬ። ማታ ለእታገኝ ስነግራት ማጠብ የያዘችውን ሳሕን አስቀመጠች።

«እንቢ በይ ሰዓዳ።»

«ለምን? እኔም እኮ ተሰጥቼ ነው የተማርኩት።»

«አንቺ ስምሽን ይዘሽ ነው የሄድሽው» አለችኝ። «ልጅን ለዘመድ ይሰጧል፣ እሺ። ለሞተች ልጅ ስም ይሰጧል?»

ተቆጣኋት። አንቺ ልጅ የለሽም፣ አይገባሽም አልኳት። እሷ ሳሕኗን መልሳ አነሣችና ማጠቧን ቀጠለች።

ከመስጠቴ በፊት አንድ ሥራ ነበረኝ። ልጅቱን ማለማመድ። ፊት ለፊቴ አቆማትና እጇን አጣጥፋ «የማን ልጅ ነሽ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ቀን «ያንቺ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አስለቅቄ መልሼ አቆምኳት። «ሱመያ ሰኢድ። እናቴ ሐጃ ሙሚና» ካለች መዳፏ ላይ አንድ ተምር አስቀምጣለሁ። ካላለች የለም። በዐረብኛም በአማርኛም አለማመድኳት፤ የሚጠይቅ ሐበሻም አይጠፋማ። አንዳንዴ እንቅልፍ ሲይዛት ቀስቅሼ ድንገት እጠይቃታለሁ፤ የሚመጣው ሰው መቼ እንደሚጠይቅ ማን ያውቃል? ጎበዝ ተማሪ ናት ብያችኋለሁ። ቶሎ ያዘችው። ስትመልስ መዳፏን ትዘረጋለች፣ ተምሯን ትቀበላለች። እታገኝ በእንዲህ ያለ ሰዓት ክፍሉን ጥላ ትወጣ ነበር።

ሐጂ ሰኢድ በመኪና መጥተው ወሰዷት። ቦርሳዋ ከእኔ ቦርሳ ታንስ ነበር። እናቴ ለምን እንዳለቀሰች ያን ቀን ገባኝ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል። ዓርብ ዓርብ መካ እሄዳለሁ፤ በየመንገዱ ፍተሻ ስላለ ሐጂ ራሳቸው የቤት ሠራተኛቸው አስመስለው ያደርሱኛል። ልጄ መርዩል የሚሉትን የትምህርት ቤት ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯ በዘይት ተይዞ፣ የራሷ አልጋ ኖሯት። የሱመያ አልጋ ነው፤ ከሕፃኗ ቀርቶ የነበረውን አስቀጥለው አሠርተውት። ትምህርቷ አንደኛ ነው። ሐጃ አይቆጧት፣ አያዟት፣ ውሃ እንኳ አያስቀዷት። እኔ አክስቴ ቤት ያየሁትን ስጠብቅ ያልጠበቅኩት መጣ። ልጄን ወደዷት። ብትደክምላቸው፣ ብትላላክላቸው ኖሮ የእኔ እንደሆነች ትዘልቅ ነበር። ፍቅሩ ነው ያስፈራኝ።

ቀስ በቀስ ዓርቡ ራቀ። አንዴ ፈተና አለባት፣ አንዴ እንግዳ አለ፣ አንዴ የሐጅ ወቅት ነው መንገዱ ተዘግቷል። ስሄድም ሐጃ ማጀት ይጠሩኝና፣ «ኢክራም ብለሽ አትጥሪያት፣ ትደናገራለች። ኸላስ፣ በቃ፣ ሱመያ በያት» ይሉኛል። «ብቻችንን ስንሆንስ?» አልኳቸው። «ብቻም ቢሆን። ምላስ ይለምዳል ልጄ፤ አንድ ቀን ሰው ፊት ያመልጥሻል።» እውነታቸውን ነው። ሐጃ የሚናገሩት ነገር ሁልጊዜ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው መልስ የማይገኝለት።

ከዚያ እታገኝ ተያዘች። ከሥራ ስመለስ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ምስር ወጧ እሳት ላይ አርሮ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። ጫማዋ በር ላይ አለ። ባዶ እግሯን ነው የወሰዷት። የመናዊው ሽማግሌ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «አሁን አንድ ቀራችሁ» አለኝ፤ ሊቀልድ ፈልጎ ይሁን አዝኖ አልለየሁትም። ልጄ ስትወለድ የነበረ ሰው ሁሉ ከዚህ አገር ተጠርጎ ወጣ። እታገኝ ብትኖርም እኮ መካ ገብታ ምስክር ልትሆነኝ አትችልም ነበር፤ ሙስሊም ላልሆነ ሰው ከተማዋ አይፈቀድም። ግን በዓለም ላይ ኢክራም የሰዓዳ ልጅ ናት የሚል ሰው ከእኔ ሌላ አለ ማለት አንድ ነገር ነበር።

ሐጃ ጋ ደወልኩ። «ምን ሆነሽ ነው እዚያ የምትቀመጪው? አብሽሪ፣ ነይ እኛ ጋ። ቤቱም ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ልጅቷንም ታያታለሽ» አሉኝ። ሐጂ መጥተው ወሰዱኝ። ልጄን በወሰዷት መኪና፣ ልጄ በተቀመጠችበት በኋላው ወንበር።

እነሆ እንግዲህ ልጄ ልጅ በሆነችበት ቤት እኔ ሸጋላ ነኝ። ሸጋላ ማለት የቤት ሠራተኛ ነው፤ ዐረብ አገር ለደረሳችሁ መንገር አያሻኝም። ቁርሷን አቀርባለሁ፣ መርዩሏን እተኩሳለሁ፣ ቦርሳዋን አስይዛታለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ መኪናው እስኪዞር አያለሁ። ሊቀ ሊቃውንቱ ቢጠይቁኝ ያንን የፈተና ጥያቄ አሁን በሌላ መንገድ እመልሰው ነበር። የተደበቀው ሥርዓተ ትምህርት የሚባል ነገር ተምረናል፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሳይጽፈው ልጅ ከቤቱና ከግቢው የሚቀስመው፣ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚታዘዝ። ስማረው ቃል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የሐጃ ወዳጆች ከአስር ሶላት በኋላ ለሻይ መጥተው ሳሎኑ ሞላ። ልጄ ከነመርዩሏ መሀል ተቀምጣ የሸመደደችውን ሱራ አነበበች። ሴቶቹ «ማሻአላህ» ተባባሉ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ደስ ብሎኛል፣ እንባዬም መጥቷል። ስትጨርስ ጉሮሮዋ ደርቆ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ያ ሰዓዳ፣ ሞያ» አለች። ውሃ ማለቷ ነው። ኻላ፣ አክስቴ፣ እንኳ አላለችኝም። ማንም እንዲህ በዪ ብሎ አላስተማራትም፤ ቤቱ ነው ያስተማራት። ውሃውን አመጣሁላት። ከሴቶቹ አንዷ ለሐጃ «ሠራተኛሽ ትሕትና አላት» አለቻቸው።

ማታ ፀጉሯን ስሠራት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ጆሮዋ ሥር «ኢክራም» አልኳት። ልጄ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች። «ሽሽ» አለችኝ። ስለ እኔ ፈርታ ይሁን ስሙ አስጠልቷት፣ ፊቷን ከኋላ ሆኜ ማየት አልቻልኩም። እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው። እያስመሰለች ነው ወይስ አምናለች? እኔው አስተምሬ፣ እኔው ፈትኜ፣ የተማሪዬን ልብ ማንበብ አቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ሰኢድ ከሱቅ መጥተው አስጠሩኝ። ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም።

«ሩሰይፋም ፍተሻ ጀምረዋል ይላሉ። ቤት ለቤት።»

«ሰምቻለሁ።»

«እዚህ ቤት ቢይዙሽ ለኛም ለልጅቷም ጥሩ አይደለም። ራስሽ ሄደሽ ለፖሊስ አሻራሽን ሰጥተሽ በሰላም አገርሽ ብትገቢ ይሻላል። ቲኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ።»

«ልጄስ ሐጂ?»

ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ ቆዩ። «ማን ልጅሽን ከለከለሽ? ውሰጂያት። ብቻ መውጫ ስትጠይቂ ልጅቷ የማን ናት ይሉሻል። የኔ ናት ትያለሽ። እነሱም ልጅቷን ይጠይቃሉ። እሷ ምን እንደምትል አንቺ ታውቂያለሽ።» ከዚያ ጨመሩ፤ «እኛ ማንንም አናስገድድም። እስከ ዓርብ አስቢበት።»

ሐጃ በሩ ጀርባ ቆመው ሲያለቅሱ ይሰማኛል። እሳቸውም ሌላ ልጅ ሊሞትባቸው ነው። ልጠላቸው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

አሰብኩ። እናቴ አለች። እናቴ ልጅ ስታገኝ መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ አገሩ ሁሉ የሚጠይቀው። ኢክራምን በስልክ ካገናኘኋት ቆይቷል። ካገናኘኋትና ልጄ «የሰዓዳ» ካለች፣ እጇን ይዤ እወጣለሁ። ይያዙን፣ ያስሩን፣ አብረን ይወርውሩን፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ሁለታችንም እንደርሳለን። ትምህርቱ ይቅር። ማሽላ ይዛ አክስቴ ቤት ትገባለች፣ በስሟ።

ሐጃ ለጎረቤት ልቅሶ ወጥተው ነበር፤ ከሰዓት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ማጀት ጭማቂዋን ትጠጣለች። ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ገና ከማንሣቷ ስለ ዝናቡ ጀመረች፤ ዘንድሮ ጥሩ ጥሏል፣ ማሽላው ተነሥቷል፣ ጭጋጉ ግን ወገቧን ይዟታል።

«እምዬ፣ ልጅቱን ላገናኝሽ» አልኳትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። ምንም አላልኳትም። ፊቴን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞርኩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ» አለች እናቴ ድምፅዋን አለስልሳ። «የማን ልጅ ነሽ?»

ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ልጄ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ።

«ሱመያ ሰኢድ» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «እናቴ ሐጃ ሙሚና።»

ከመስመሩ ነፋስ ብቻ ይሰማል፤ እናቴ ስልክ የምታናግረው ኔትወርክ ያለበት ጉብታው ላይ ወጥታ ነው።

«ሰዓዳ?» አለች ቆይታ። «ስልኩን የሰው ልጅ ይዞታል መሰለኝ። አፈር ስሆን፣ የኛዋን ጥሪልኝ እንጂ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። «ተኝታለች እምዬ» አልኳት።

«በቀን?»

«ከትምህርት ቤት ደክሟት መጥታ።»

«እሰይ፣ ትማርልኝ። አትቀስቅሺያት፣ ሌላ ቀን እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

ዓርብ ከነገ ወዲያ ነው። ስልኩን አስቀምጬ ስዞር ልጄ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ዐይን ዐይኔን ታየኛለች፣ ልክ መመለሷን እንድነግራት። ከዚያ መዳፏን ዘረጋችልኝ። መደርደሪያውን ከፍቼ ተምር መፈለግ ጀመርኩ።